ዱባይ ለዕረፍት እየሄድኩ ነው፤ ላፕቶፑን እዚያ ልግዛ ወይስ እዚሁ?

የገርጂዋ | ኅዳር 9 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እህቴ ዘንድ ዱባይ እሄዳለሁ። የምቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። አርክቴክት ነኝ። ቢሮ ደህና ዴስክቶፕ አለኝ፤ ቤት ያለው ላፕቶፕ ግን ሬቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም ከፍቼበት ቡና አፍልቼ ስመለስ ገና እየጫነ ነው የማገኘው። በዚያው አንድ ላፕቶፕ ይዤ ልመለስ ብዬ አስቤያለሁ። በጀቴ 3,000 ድርሃም፣ ቢበዛ ቢበዛ 3,500።

እዚህ መገናኛና ቦሌ ዞሬ ጠይቄያለሁ። ሁለት ሱቅ ለአንድ ሞዴል የነገሩኝ ዋጋ በጣም ይራራቃል፤ የቱን ልመን? ዱባይ እውነት ይረክሳል? ዋስትናው አዲስ አበባ ላይ ይሠራል? ታክስ ይመለሳል የሚባለውስ? ቦሌ ጉምሩክስ? እህቴ ሥራ ስለሚበዛባት የምንገዛው ከመብረሬ በፊት ባለው እሑድ ነው የሚሆነው።


ዴይራ_ነዋሪ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡02

እንኳን ደህና መጣሽ ከወዲሁ። እኔ እዚህ ዱባይ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የማንንም ዕቃ የማሻሽጥ አይምሰልሽ።

ከሁሉ በፊት ያቺን እሑድ ሰርዢያት። ላፕቶፕ የሚገዛው በደረስሽ ማግስት ነው። አዲስ ማሽን ችግር ካለበት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሳብቃል። ስክሪኑ ላይ የሞተች ነጥብ ትታያለች፣ አንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ አይሠራም፣ ሥራ ሲበዛበት ይጠፋል። ሱቁ አጠገብ እያለሽ ካወቅሽው ደረሰኝሽን ይዘሽ ትሄጂና ይቀየርልሻል። ገርጂ ከገባሽ በኋላ ካወቅሽው ያው ዕዳው ያንቺ ነው። እዚህ አገር ዕቃው ጉድለት ካለበት በቀር «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሎ መመለስ በሱቁ ፈቃድ ነው። ከመክፈልሽ በፊት በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይሩ ጠይቂ፤ ደረሰኙ ጀርባ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ።

ቦታውን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ገበያ አለ። አንደኛው ትልልቆቹ ናቸው፦ ሻራፍ ዲጂ፣ ጃምቦ፣ ኢማክስ፣ ካርፉር። ዋጋቸው የተጻፈ ነው፣ ክርክር ብዙም የለም፣ ደረሰኛቸው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን ዋሊድ መንገድ ላይ ያለው የኮምፒውተር ሰፈር ነው። በሜትሮ ከሄድሽ ድሮ አል ፋሂዲ ይባል የነበረው ጣቢያ ነው፤ አሁን ስሙ ሻራፍ ዲጂ ሆኗል፣ እንዳትደናገሪ። እዚያ ትከራከሪያለሽ፣ ሱቅ ለሱቅ ትዞሪያለሽ፣ አንዳንዴም ደህና ዋጋ ታገኛለሽ። ግን ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ማሽኑ ሆድ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ሳታዪ ገንዘብ እንዳታወጪ። ራሙን ቀይረው ወይም ሃርድዲስኩን ለውጠው በአዲስ ዋጋ የሚሸጡ አሉ። ቢጨምሩልሽ ምንም አይደለም፤ ካርቶኑን ከፍተው ከነካኩት በኋላ ግን የአምራቹ ዋስትና ሊያከራክርሽ ይችላል።

ጊዜው አይከፋም። የዱባይ ሾፒንግ ፌስቲቫል ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት በኅዳር ማብቂያ ደግሞ ዋይት ፍራይዴይ የሚሉት ቅናሽ አለ። ዛሬ ጀምረሽ የሱቆቹን ዋጋ በድረ ገጻቸው እያየሽ መዝግቢ፤ «ከዚህ ወደዚህ ወረደ» የሚለውን ወረቀት ያን ጊዜ ትለያለሽ።


የገርጂዋ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡20

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ታክሱስ?


ዴይራ_ነዋሪ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡41

ረሳሁት። እዚህ ቫት ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ አለ፤ 5 በመቶ ነው። ለጎብኚ መመለስ የጀመረው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የተጻፈው ዋጋ ቫቱን የያዘ ነው፤ ካሸር ጋ ስትደርሺ አይጨመርም። ተመላሽ እንድታገኚ የገዛሽበት ሱቅ ፕላኔት በሚባለው የታክስ አስመላሽ ድርጅት ሥርዓት የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ግዢሽ ከ250 ድርሃም ማነስ የለበትም፣ ፓስፖርትሽ ደግሞ ስትገዢ እጅሽ ላይ መሆን አለበት። «ታክስ ፍሪ» በያቸው፣ እነሱ ያውቁታል። የኮምፒውተር ሰፈር ትንንሽ ሱቆች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ የሉም።

የሚመለሰው ሙሉው አይደለም፤ 85 በመቶው ነው፣ ከዚያም ላይ 4.80 ድርሃም ይቆረጣል። 3,000 ድርሃም ብትገዢ ውስጡ ያለው ቫት 142.86 ነው፤ እጅሽ የሚገባው 116 ድርሃም ከምናምን። ለእህትሽ ልጆች ስጦታ ይሆናል፣ ላፕቶፕ ግን አያረክስም።

አየር ማረፊያ ስትደርሺ ሻንጣሽን ለአየር መንገዱ ከማስረከብሽ በፊት ወደ ፕላኔት ማሽን ሂጂ። ዕቃውን አሳዪን ሊሉሽ ይችላሉ። ሻንጣ ውስጥ ከትተሽ ካስረከብሽው በኋላ ምን ታሳያቸዋለሽ? ከገዛሽ በ90 ቀን ውስጥ መውጣትም አለብሽ፤ አንቺን አይመለከትም እንጂ።


ፈጣን_መልስ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

ማክቡክ ኤየር ግዢና ተገላገይ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወዲህ መነሻው 16 ጊጋ ራም ሆኗል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይይዛል፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያስጨንቅሽም።


ቦሌ_ጥገና | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡33

ፈጣን፣ ሬቪት ብላ ጽፋለች እኮ! ሬቪት ማክ ላይ የለም። አውቶካድ አለ፣ ሬቪት የለም። ድሮ በኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስ እየጫኑ ይጠቀሙ ነበር፤ አፕል የራሱን ፕሮሰሰር (ኤም1) ካመጣ ወዲህ ያ በር ተዘግቷል። ለጋዜጠኛ፣ ለተማሪ፣ ለፕሮግራመር ብትል አብሬህ እጮህ ነበር።

እዚሁ ላይ ሌላ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዱባይ ላይ ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያላቸው ዊንዶውስ ላፕቶፖች ታገኛለሽ፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በብዛት ወጥተዋል። ቀጫጭን ናቸው፣ ባትሪያቸው ይገርማል፣ በቅናሽ ሲወጡ ልብ ይሰርቃሉ። ለሬቪት ግን አይሆኑም፤ የሬቪት አምራች አውቶዴስክ እነሱ ላይ ድጋፍ አይሰጥም። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ነው፣ ሁሉን ይጭናል» ቢልሽ እንዳትሰሚው። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ የሚል ብቻ ፈልጊ።


ቦሌ_ጥገና | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 5፡05

አሁን ወደ ዋናው። እኔ የምኖረው ከውጭ መጥቶ እዚህ በተበላሸ ላፕቶፕ ነው፤ ስለዚህ የምለውን በዚያ ዓይን ያዙልኝ።

ሰው ዱባይ ሄዶ የሚያወዳድረው ዋጋና ፍጥነት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቢሰበር ዕቃው አዲስ አበባ ላይ ይገኛል ወይ? የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የዴል ላቲቲውድ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ባትሪና ቻርጀር እዚህ አለ፣ ምክንያቱም ገበያው በነሱ ተሞልቷል፤ አንዱ ሲሞት የሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ዱባይ ብቻ የተሸጠ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ሞዴል ሲመጣ ግን ለአንዲት ማጠፊያ ብለን ከቻይና እናስመጣለን። ደንበኛው ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ፣ እሱ እኔን ይጠላኛል።

የጌሚንግ ላፕቶፕ ለሬቪት ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ማቀዝቀዣው ጠንካራ ነው። ችግሩ ቻርጀሩ ነው። 150 ዋት፣ 180 ዋት፣ ከዚያም በላይ ይሆንና ጫፉ የራሱ ዓይነት ይሆናል። ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ መርካቶ ሄደሽ የምታገኚው ተመሳሳይ መሳይ፣ ዋቱ ያነሰ ነው። በሱ ስትሠሪ ማሽኑ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። ስለዚህ ጌሚንግ ከሆነ ግዢሽ፣ እዚያው ሁለተኛ ኦርጅናል ቻርጀር ግዢ። የቲንክፓድ ቲ480 ወይም የአዳዲሶቹ ላቲቲውድ ዓይነቶች በታይፕ ሲ ስለሚሞሉ በዚህ በኩል ዕዳቸው ቀላል ነው።

ዋስትናን በተመለከተ፣ የአፕል በብዙ አገር ያገለግላል፤ የሌሎቹ ግን ሞዴል ለሞዴል ይለያያል። ለቢሮ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ዓለም አቀፍ ዋስትና ይኖራቸዋል፣ ለቤት የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የገዛሽበት አገር ወይም የባሕረ ሰላጤው ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ከማሽኑ ሆድ ላይ ያለውን ቁጥር የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ ዴልም ሌኖቮም ኤችፒም በደቂቃ ውስጥ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅና ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግሩሻል። ዴል ከሆነ ደግሞ አገር መቀየሩን ድረ ገጻቸው ላይ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህን ያደረገ ደንበኛ እስካሁን እጄ ላይ የገባው ጥቂት ነው፣ ሁሉም የሚያስታውሰው ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ ነው።


የቀበና_ሰው | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጆች፣ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ስለ ራምና ግራፊክስ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልቻልኩም። ሰዉ ሁሉ አሁንም «ዱባይ ርካሽ ነው» የሚለው በድሮው ሒሳብ ነው።

ድርሃም ከዶላር ጋር ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.6725 ታስሯል። ስለዚህ የዱባይ ዋጋ ለእኛ የሚወዛወዘው በብሩ በኩል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የልጅቷ 3,000 ድርሃም 817 ዶላር ገደማ ነው። ያንን ገንዘብ በስንት ብር እንደምታገኘው ሳታሰላ ሁለቱን ገበያ ማወዳደር አትችልም። ባንክ በሚሰጣት ካርድ ከሆነ አንድ ሒሳብ ነው፤ እህቷ እዚያ ከፍላ እሷ እዚህ ለቤተሰብ ብር የምትሰጥ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው።

በካርድ ስትከፍዪ ደግሞ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ብሎ ይጠይቅሻል። በድርሃም በይ። በዶላር ካልሽ የምንዛሪውን ተመን የሚያወጣው የሱቁ ባንክ ነው፣ ላንቺ ብሎም አያወጣውም።


የገርጂዋ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡25

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ በብር ቆጥሬ አላየሁትም ነበር። እህቴ ናት የምትከፍለው፣ እኔ እዚህ ለእናታችን ቤት እድሳት አወጣለሁ። ስለዚህ ለኛ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ዛሬ ማታ ተቀምጬ አሰላዋለሁ።

ቦሌ_ጥገና፣ ቲ480 ስላልክ ልጠይቅህ። አዲስ ከምገዛ በዚያው ገንዘብ ዩዝድ ዎርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ላፕቶፕ) ብገዛስ? ሻርጃ ላይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች የወጡ ላፕቶፖች በክምር ይሸጣሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ምክንያቱም ይህን ክር አሜሪካ ቤተሰብ የሚጠይቁም ያነቡታል።

እዚህ የተጻፈው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ ካሸሩ ጋ ስትደርሱ ይጨመራል። ሜሪላንድ ላይ 6 በመቶ ነው፣ ሰሜን ቨርጂኒያም እንደዚያው። ለጎብኚ ተመላሽ የሚባል ነገር ግን በዚህ አካባቢ የለም፤ ዱባይን የለመደ ሰው አየር ማረፊያ ውስጥ ቢሮ ሲፈልግ ሰዓቱን ይጨርሳል። ታክስ የሌለባቸው ግዛቶች አሉ፦ ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ዴላዌር። ከዲሲ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ስትነዱ ዴላዌር እንደገባችሁ ክሪስቲያና ሞል አለ፤ የሐበሻ መኪና የማይጠፋበት ቦታ ነው። ለ1,000 ዶላር ማሽን 60 ዶላር ታተርፋላችሁ፤ ከዚያ ላይ ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ቀንሱ። ለአንድ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ ዘመዳችሁን አታስቸግሩ።

የዚህ አገር እውነተኛ ጥቅሙ መመለሱ ነው። አፕል 14 ቀን፣ ቤስት ባይ 15 ቀን፣ ኮስትኮ ደግሞ ለኮምፒውተር 90 ቀን ይሰጣል። ቤስት ባይ ሌላ ሰው ገዝቶ የመለሰውን «ኦፕን ቦክስ» ብሎ ቀንሶ ይሸጣል፤ በነዚያ 15 ቀናት ውስጥ እስኪበቃችሁ ፈትሹት።


ፍራንክፈርት_ነኝ | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡55

ለጀርመን ተጓዦች እኔም ትንሽ ልበል። እዚህ 19 በመቶ ነው፤ ዋጋው ውስጥ ስላለ በ1,000 ዩሮ ማሽን ላይ ያለው ታክስ 159.66 ነው እንጂ 190 አይደለም። የሚመለሰው ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ሰው ነው። «አክስቴ ትግዛልኝ፣ እኔ አስመልሳለሁ» አይሠራም፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የተጓዡ መሆን አለበት። አየር ማረፊያ ላይ ጉምሩክ ማኅተም ይመታል፣ ከዚያ አስመላሹ ድርጅት የራሱን ቆርጦ ይሰጣል። እንግሊዝ ለምትሄዱ፦ ለንደን ላይ ለጎብኚ የሚመለስ ቫት ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል፤ የድሮ ምክር ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ከታክሱ ይልቅ ኪቦርዱን አስቡበት። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። አማርኛ በድምፅ የምንጽፍ ሰዎች ፊደሉን እያየን ከጻፍን «የ» ስንል «ዘ» ይመጣል፤ «ዘይት» ብዬ ስጽፍ «የዝት» ሲወጣ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ። ፈረንሳይ የባሰ ነው፣ ኤ ራሷ ቦታዋ ላይ የለችም።


ሐይፋ | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡12

እስራኤልም ዕብራይስጥ ፊደል ተለጥፎበት ነው የሚመጣው፤ የእንግሊዝኛው ግን ቦታውን ስላልለቀቀ አያስቸግርም። የዱባዩም ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይሆናል፣ እንደዚሁ ነው።


አወያይ | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9፡00

የስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ቻናል የለጠፉ መልሶች ተነሥተዋል። «ዱባይ ያለው ልጃችን ያመጣላችኋል» የሚል ማስታወቂያ ቦታው የገበያ ክፍል ነው።


ዴይራ_ነዋሪ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡30

ወደ ዩዝዱ ልመለስ። የገርጂዋ፣ የሰማሽው እውነት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ኩባንያዎች ላፕቶፕ በኪራይ ይይዙና ውሉ ሲያልቅ በጅምላ ይለቃሉ፤ ከዚያ በኮንቴይነር ወደዚህ ይመጣል። አዲስ አበባ «ስላሽ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው። ከምንጩ ስትገዢ ዋጋው ይቀንሳል፣ ምርጫውም ይሰፋል።

ግን ዩዝድ ከፍተሽ ሳትፈትሺ አትግዢ። ስትከፍቺው ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ያለው የማሽኑ ቅንብር) ግቢ። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ አስቀምጪውና ውጪ፤ የድሮው ኩባንያ ቆልፎታል ማለት ነው፣ ሻጩ «ቆይ አስከፍትልሻለሁ» ቢልም አትጠብቂ። ማክ ከሆነ ደግሞ ከባዶ አስጀምረው ዋይፋይ ላይ ያገናኙልሽ። ዋይፋይ ሲያገኝ ነው «ይህ ኮምፒውተር በእገሌ ድርጅት ይተዳደራል» የሚል ወይም የድሮውን ባለቤት የአፕል አካውንት የሚጠይቅ ገጽ የሚመጣው። ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶ፣ ዴስክቶፑን አሳምሮ ቢያሳይሽ ይህን አታዪውም።

ባትሪውን በወሬ አትቀበዪ። ዊንዶውስ ላይ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትዕዛዝ አለ፤ ሲመረት ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። 50 ዋት ሰዓት ይዞ የተመረተ አሁን 28 ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። ማክ ላይ ደግሞ ስንት ዙር እንደተሞላ ይጻፋል።


ቦሌ_ጥገና | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡18

ዴይራ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ ላይ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ጨምሩበት፣ አሁን ከሁሉ የበለጠው እሱ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ባለፈው ወር፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። ስለዚህ ያ ሁሉ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ከኩባንያዎች ተራግፎ ገበያ ላይ ወጥቷል፤ ዋጋው የወረደው ለዚህ ነው። ሻጩ ዊንዶውስ 11 ጭኖ ሊያሳይሽ ይችላል፤ በጎን በር የተጫነ ነው፣ ማይክሮሶፍት ዋስ አይሆንለትም።

ትውልዱን ከስሙ ታነቢዋለሽ። ኮር አይ5-7300ዩ ሲል ሰባተኛ ነው፣ አይ5-8350ዩ ሲል ስምንተኛ፣ 1135 የሚል ከሆነ አሥራ አንደኛ፣ 1235 ከሆነ አሥራ ሁለተኛ። «ኮር አይ7 ነው» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሻጭ ካጋጠመሽ «ስንተኛው አይ7?» በዪው። በቲንክፓድ ከሄድሽ ቲ470 ከዊንዶውስ 11 ውጪ ነው፣ ቲ480 አብዛኛው ውስጥ ነው። በኤሊትቡክ 840 ጂ5 አብዛኛው ውስጥ ነው። ቲ480ን የምወደው ሁለት የራም ቦታና በእጅ የሚወልቅ ባትሪ ስላለው ነው፤ ለሬቪት ግን ደካማ ነው፣ ላንቺ አልመክረውም። ለእህትሽ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ ይሁን።

ላንቺ ቁርጥ ያለ ሐሳቤን ልስጥ። ሬቪት 16 ጊጋ ራም ዝቅተኛው ነው፤ 32 ብታደርሺው ነው የሚያሳርፍሽ። ስለዚህ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ማሽን አትግዢ። 16 ይዞ አንድ ባዶ ቦታ ያለው ፈልጊ፤ ሌላውን በኋላ እዚሁ እጨምርልሻለሁ። ፕሮሰሰሩ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤች ፊደል ያለው (ኃይለኛው) ይሁን፣ ዩ (ባትሪ ቆጣቢው) አይሁን። ሬቪት ብዙ ሥራውን በአንድ ኮር ላይ ስለሚሠራ የኮር ብዛት ሲቆጥሩልሽ ልብሽ አይማለል፤ ፍጥነቱን ጠይቂ። ግራፊክሱ አርቲኤክስ 3050 ወይም 4050 ይበቃሻል። በ3,000 ድርሃም፣ በቅናሽ ሰሞን፣ ይህ አዲስ ይገኛል። ከሆነልሽ አዲስ ግዢ፤ ዩዝድ ዎርክስቴሽን ጥሩ ቢሆንም አንድ ሳምንት ለዕረፍት የሄደ ሰው ሻርጃ ውስጥ ስድስት ማሽን እየከፈተ ባትሪ ሲያነብ መዋል የለበትም።


ነጋዴዋ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3፡44

ስለ ጉምሩክ ማንም አልመለሰላትም። እኔ ብዙ ስለምመላለስ ልበል።

ጉምሩክ የሚለየው ለራስ መገልገያና ለንግድ የመጣውን ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ያንቺ ሥራ ተጭኖበት፣ በእጅ ቦርሳ የያዝሽው፣ የመገልገያ መልክ አለው። ሦስት በፕላስቲክ የታሸገ ግን የቱንም ያህል «ለወንድሞቼ ነው» ብትዪ ሌላ ነው። ሰው «ይቺን ብቻ ያዢልኝ» ሲልሽ እሺ እንዳትዪ፤ ዱባይ ያለ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ የሚልከው አንድ ላፕቶፕ አለው። ደረሰኝሽን ያዢ፣ ሲጠይቁሽ ያለውን ተናገሪ። መመሪያው ስለሚሻሻል ከመሄድሽ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቂ እንጂ የአምና ተጓዥ ወሬ አትስሚ፣ የእኔንም ጭምር።

በረራውን ደግሞ አስቢበት። ላፕቶፕም ፓወርባንክም ከአንቺ ጋር ይግባ፤ ተነጥሎ የተያዘ ባትሪና ፓወርባንክ በሻንጣ ክልክል ነው። የላፕቶፕ ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ ትልልቆቹን 99 ምናምን ላይ ያቆሙታል። የአየር መንገዳችን የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ጌሚንግ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ሽቶና ቸኮላቱን ወደ ታች አውርጂው።


የገርጂዋ | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ አሰላሁት፤ በእህቴ ክፍያ ከሆነ ያዋጣል፣ በካርድ ቢሆን ግን እዚሁ መግዛት ይሻለኝ ነበር። ለእህቴም ደውዬላት የገባሁ ማግስት ግማሽ ቀን ፈቃድ ትወስዳለች። ሬቪትን በሙከራ ቅጂ ጭኜ ከቢሮ አንድ ከባድ ፋይል በፍላሽ ይዤ ሄጄ እዚያው አሠራዋለሁ።

አንድ የቀረችኝ፦ ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ነው አይደል? ማሽኑ ላይ ጉዳት አለው?


ቦሌ_ጥገና | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡05

የለውም። ዱባይም እኛም 220 ምናምን ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። የላፕቶፕ አዳፕተር ደግሞ ከ100 እስከ 240 ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቢው። ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የሚቀየረው ከግድግዳው እስከ አዳፕተሩ ያለው ገመድ ብቻ ነው፤ እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ያንን ባለ ሦስት ጥርስ በልቅ መለወጫ ላይ ሰክተሽ አትሥሪ፤ እየተንቀጠቀጠ ብልጭታ ይፈጥራል። ቤትሽ መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ስታቢላይዘር ጨምሪበት። እኔ ጋ የሚመጣው የተቃጠለ ቦርድ አብዛኛው መብራት ሄዶ ሲመለስ የተመታ ነው።


ጀማሪ_ተማሪ | ኅዳር 14፣ ከቀኑ 10፡20

ይቅርታ፣ ክሩን ስለማነሣ። አጎቴ ከሻርጃ ኮር አይ7-7600ዩ፣ 16 ጊጋ፣ 512 ኤስኤስዲ ያለው ላቲቲውድ በ600 ድርሃም አገኘሁልህ አለኝ። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አንደኛ ዓመት ነኝ። ይግዛልኝ?


ቦሌ_ጥገና | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡00

7600 ሰባተኛ ትውልድ ነው። ሊኑክስ ልትጭንበት ካሰብክ ይሠራልሃል፣ ለኮድ መጻፊያም አይከፋም። ዊንዶውስ ከፈለግህ ግን አጎትህ በዚያው ሱቅ አይ5-8350ዩ ያለውን ይጠይቅልህ፤ ስሙ አይ5 ቢሆንም አራት ኮር አለው፣ ያንተ አይ7 ሁለት ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ቢጨምርበትም ያዋጣል። የባትሪውን ሪፖርት ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ፣ ከዚያ እዚህ ለጥፈው እናየዋለን።